አረንጓዴዋ ነጥብ፦ ያልተሠራን ነገር እንደ ተሠራ ማሳየት ውሸት ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ዐሥር የምንሆን ሰዎች ተሰብስበን ነበር። ሁለት ጓደኛሞች የስልክ አፕ ሊሠሩ አስበዋል፤ እኔ ዲዛይነራቸው ነኝ። ሐሳቡ መልካም ነው። መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚንከራተት ሰው የመድኃኒቱን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ የት እንደሚገኝ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል። አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚ ያስታመመ ሁሉ ይህ ምን ያህል እረፍት እንደሚሰጥ ያውቃል።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መፈለጊያው ላይ ጣት ሲያርፍ የፊደል ገበታው ከታች ብቅ ይላል፤ «ኢንሱሊን» የሚለው ቃል ፊደል በፊደል ይጻፋል፤ ካርታው ተንሸራቶ ይወጣል፤ ሦስት ፋርማሲዎች ይታያሉ፤ ከአንዱ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ብላ «አለ» ትላለች። ከተጋበዙት መካከል የአንድ ወዳጃችን አባት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ስልኩን ከሁላችንም ይልቅ ረጅም ጊዜ ያዙት። ነጥቧን እያዩ፣ «እዚህ አለ ማለት ነው?» አሉ። ከጓደኛሞቹ አንዱ፣ «አዎ ጋሼ፣ እንደዚህ ነው የሚያሳየው» አላቸው። እኔም ፈገግ አልኩ።

ሰኞ ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያ ሳሪስ ያለው ፋርማሲ ሄጄ ነበር። የለም አሉኝ። ምናልባት ከእኔ በፊት የመጣ ሰው ወስዶት ይሆናል።» ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሄዱት። እኔም፣ «ይሆናል ጋሼ» አልኳቸው።

እውነቱ ይህ ነው፦ ስልኩ ላይ የነበረው አፕ አልነበረም። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነበር። የትኛውንም ፊደል ብትነኩ የሚጻፈው «ኢንሱሊን» ብቻ ነው። ፋርማሲዎቹ ስለ እኛ ሰምተውም አያውቁም፤ ስማቸውን ከማውቃቸው መካከል መርጬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አረንጓዴዋን ነጥብም የቀባኋት እኔ ነኝ፤ ገጹ እንዲያምር ብዬ።

ከዚያች ምሽት ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ዋሽቻለሁ? ከዋሸሁስ መቼ ነው የዋሸሁት? ነጥቧን ስቀባ ነው? ስልኩን በእጃቸው ስሰጥ ነው? ወይስ «ይሆናል ጋሼ» ስል?

መሣሪያው ምን ያደርጋል?

ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ አፕ በኮድ ከመሠራቱ በፊት፣ ሲነኩት ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይ ናሙና ይዘጋጃል፤ ፕሮቶታይፕ እንለዋለን። ይህን ናሙና ያለ ኮድ፣ በዓይን እያዩ የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 አፕል ከማክ ኮምፒውተሮቹ ጋር ኳርትዝ ኮምፖዘር የተባለ ፕሮግራም አወጣ፤ ትንንሽ ሣጥኖችን በመስመር እያያያዙ የሚንቀሳቀስ ምስል መሥሪያ ነው። የፌስቡክ ዲዛይነሮች በእርሱ ላይ ተጨማሪ መሣሪያ ሠርተው ኦሪጋሚ አሉትና በ2013 ለሁሉም በነፃ ለቀቁት። አንዱ ሣጥን «ጣት ሲነካ» ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው መስመር «ወደ ላይ ተንሸራተት» ወደሚለው ሣጥን ይገባል። በ2016 ለሕዝብ የተከፈተው ፊግማ ደግሞ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ነው። እዚያ ሁለት ገጾች ትሥላላችሁ፤ በመጀመሪያው ካርታው ከታች ተደብቋል፣ በሁለተኛው ወጥቷል። በመካከል ያለውን እንቅስቃሴ መሣሪያው ራሱ ይሞላዋል። ቀድሞ በካርቱን ፊልም ቤቶች ዋናው ሠዓሊ መነሻውንና መድረሻውን ሥሎ በመካከል ያሉትን ሥዕሎች ለረዳቶቹ ይተው ነበር፤ ያንን የረዳት ሥራ አሁን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል።

ሥራው ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት ከእውነተኛው አፕ መለየት ይከብዳል። ነገር ግን ከስክሪኑ ጀርባ ምንም የለም።

ናሙና ራሱ ውሸት አይደለም

በመጀመሪያ ራሴን ከመጠን በላይ እንዳልከስስ ልጠንቀቅ። ናሙና መሥራት መልካም ነገር ነው። ጄፍ ሐውኪንስ የተባለው መሐንዲስ በ1996 ለገበያ የቀረበውን ፓልም ፓይለት የተባለ የኪስ ኮምፒውተር ከመሥራቱ በፊት፣ በሸሚዝ ኪስ የምትገባ የእንጨት ቁራጭ አዘጋጅቶ ይዟት ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲያዝ አውጥቶ በእንጨቷ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ያደርጋል። እንጨቷ ምንም አትሠራም፤ ግን መጠኗ ለኪስ ይመች እንደ ሆነ አስተማረችው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ናሙናን ያውቃሉ። ሙሴ ድንኳኑን የሠራው በተራራው ላይ በታየው ምሳሌ መሠረት ነው (ዘጸ. 25፥40)። ዳዊት ለሰሎሞን የመቅደሱን ንድፍ በዝርዝር ሰጥቶታል (1 ዜና 28፥11-19)። ሕዝቅኤል ኢየሩሳሌምን በሸክላ ጡብ ላይ ሥሎ ቅጥርና የጦር ሰፈር ሠርቶ በጡቡ ዙሪያ አስቀምጧል (ሕዝ. 4፥1-3)። ጌታም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን መቍጠር እንዳለበት ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። እንግዲህ ያልተሠራን ነገር አስቀድሞ መሣል ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ማንም ቤት መሥራት ባልቻለ ነበር።

ሕዝቅኤል ጡቡን ሲያሳይ ለምን አልዋሸም? ያ ጡብ ኢየሩሳሌም እንዳልሆነ እርሱም ያውቃል፣ ተመልካቾቹም ያውቃሉ። በሁለቱ መካከል አንድ ስምምነት አለ። ስለዚህ እውነትና ውሸት ያሉት ሥዕሉ ውስጥ አይደለም፤ በአሳዪውና በተመልካቹ መካከል ባለው መግባባት ውስጥ ነው። ያንኑ ሥዕል ለአንዱ ባሳይ እውነተኛ፣ ለሌላው ባሳይ ዋሾ ልሆን እችላለሁ። ቢሮ ውስጥ ለሁለቱ ጓደኛሞች አረንጓዴዋን ነጥብ ሳሳይ ሦስታችንም ቀለም እንደ ሆነች እናውቅ ነበር። ጋሼ ግን አያውቁም ነበር። እኔ ደግሞ እንደማያውቁ ማወቅ ነበረብኝ፤ ጠይቀው ነበርና።

እንቅስቃሴ ለምን ይለያል?

አንዳንዱ ሥዕል ስለ ራሱ ይመሰክራል። እንጨት እንጨት ነው፤ የወረቀት ንድፍ ወረቀት ነው። የሚንቀሳቀስ ናሙና ግን ይህን ምስክርነት ያጣል። አልበርት ሚሾት የተባለ የቤልጂየም የሥነ ልቦና ሊቅ በ1946 ባሳተመው ጥናት አንድ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። አንዲት ትንሽ ቅርጽ ተንቀሳቅሳ ሌላዋ ጋ ስትደርስ ትቆማለች፤ ወዲያው ሁለተኛዋ መንቀሳቀስ ትጀምራለች። በሁለቱ መካከል ምንም ግፊት የለም። ተመልካቹ ግን አንዷ ሌላዋን «ስትገፋት» ያያል። አስቦ የደረሰበት አይደለም፤ እንዲያው ይታየዋል። ሁለተኛዋ ትንሽ ዘግይታ ከተነሣች ግን ያ ስሜት ይጠፋል።

የእኛ ሙያ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጣት ሲነካ ካርታው ወዲያው ስለሚወጣ ዓይን «መነካቱ ካርታውን አመጣው» ብሎ ያምናል። ከዚያ አእምሮ አንድ እርምጃ ይጨምርና «ይህ ነገር ይሠራል» ይላል። ስለዚህ ናሙናው አንድም ቃል ሳይናገር «እሠራለሁ» እያለ ይመሰክራል። ጋሼ ተላላ ስለ ሆኑ አይደለም የተሳሳቱት። ዓይናቸው እንደተፈጠረበት ሠራ፤ እኔ ያንን ዓይን ተጠቀምኩበት። ከዚህ የተነሣ ናሙናው እውነተኛውን ይበልጥ በመሰለ ቁጥር የእኔ የመናገር ዕዳ ይጨምራል። ዝም ማለት ለእንጨቷ ይበቃል፤ ለሚንቀሳቀሰው ግን አይበቃም።

«በኋላ ከተሠራስ?»

ይህን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። በኋላ ከሠራሽው ምን ችግር አለው?» ቀላል ክርክር አይደለም። ስቲቭ ጆብስ ጥር 9 ቀን 2007 በሳን ፍራንሲስኮ የመጀመሪያውን አይፎን ሲያሳይ፣ ስልኩ ገና ያላለቀና ቶሎ የሚቆም ነበር። ከመሐንዲሶቹ አንዱ በኋላ እንደተናገረው፣ ሳይበላሽ እንዲያልፍ እያንዳንዱ ነገር በምን ቅደም ተከተል እንደሚነካ አስቀድሞ ተጠንቷል፤ የኔትወርክ ምልክቱም ምንም ቢሆን አምስቱንም መስመር እንዲያሳይ ተደርጓል። በሰኔ 29 ስልኩ ለሽያጭ ቀረበ፤ ሠራም።

ሌላውን ተመልከቱ። ኒኮላ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በጥር 2018 አንድ ከባድ የጭነት መኪና በመንገድ ላይ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። በ2020 ድርጅቱ እንዳመነው መኪናው በራሱ ኃይል አልሄደም፤ ቁልቁለት ላይ ተለቆ እየተንከባለለ ነበር። መሥራቹ ባለሀብቶችን በማታለል በ2022 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ፤ የአራት ዓመት እስራትም ተፈረደበት፤ በ2025 ከፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተደረገለት።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንደኛው ስለ ተሳካለት ብቻ ነው? ከሆነ እውነተኛነት የዕድል ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ የተናገርኩት ነገር ውሸት መሆን አለመሆኑ ነገ በሚሆነው ሊወሰን አይችልም። ተናጋሪ በሚናገርበት ሰዓት በሚያውቀው ይጠየቃል። ስለዚህ «በኋላ እሠራዋለሁ» የሚለው መልስ ዕዳዬን አይከፍልም።

እኔ ልዩነቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው፤ ተመልካቹ ባየው ነገር ላይ ተደግፎ ምን ያደርጋል? በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ብዙዎቹ ያደረጉት ማጨብጨብ ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ያወጣው ከወራት በኋላ የሚሠራውን ስልክ በእጁ ይዞ ነው። መኪናው ሲንከባለል ያየው ባለሀብት ግን ገንዘቡን ያፈሰሰው የሚሄድ መኪና አለ ብሎ ነው። ይህን ስል የመጀመሪያውን ፈጽሞ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሁልጊዜ አምስት መስመር የሚያሳየው ምልክት ልክ እንደ እኔ አረንጓዴ ነጥብ ነው። ግን መለኪያው ይህ ይመስለኛል፦ ተመልካቹ የሚያስይዘው ነገር በከበደ መጠን፣ ጊዜው፣ ገንዘቡ ወይም ጤናው በሆነ መጠን፣ «ይህ ገና አልተሠራም» የሚለውን ቃል የማግኘት መብቱ ይጨምራል። ጋሼ ያስያዙት የባለቤታቸውን መድኃኒት ነበር።

ደግነት የለበሰ ማታለል

ሁለተኛው ክርክር ረቂቅ ነው፤ «ለተጠቃሚው ጥቅም ሲባል ትንሽ ማታለል ይፈቀዳል» ይላል። ስልክ ላይ አንድ ነገር ሲጫን እየሞላ የሚሄደውን መስመር ታውቁታላችሁ። በ2010 የወጣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በመስመሩ ላይ የሚሄዱት ሽንትሮች ወደ ኋላ እየሄዱ ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ፣ ሰው ጥበቃውን በ11 በመቶ ያህል አጭር አድርጎ እንደሚገምተው አሳይቷል። ጥበቃው ግን ያው ነው። ይህ ውሸት ነው? እኔ አይመስለኝም። ሥራው በእርግጥ እየተሠራ ነው፤ የተደረገው ጥበቃውን ማቅለል ነው። ሩቅ መንገድ የሚሄድን ሕፃን በጨዋታ እንደ ማዘናጋት ነው። ከጀርባው ምንም ሥራ ሳይኖር የሚሞላ መስመር ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

በ2013 ሦስት ተመራማሪዎች ስለዚህ ዓይነት «በጎ ማታለል» በጻፉት ጽሑፍ ላይ አንድ ምሳሌ አለ፤ እርሱ ግን ወጋኝ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ይሠራበት የነበረ አንድ የስልክ ማገናኛ ሥርዓት፣ መስመር ሲበላሽበት ደዋዩን ከተሳሳተ ቁጥር ጋር ያገናኘው ነበር። ደዋዩም «ቁጥሩን ተሳስቼ ነው» ብሎ ይዘጋና እንደ ገና ይደውላል። የማሽኑ ጥፋት በሰውየው ላይ ዞረ፤ እርሱም ሳያውቅ ተሸከመው።

«ምናልባት ከእኔ በፊት የመጣ ሰው ወስዶት ይሆናል።» ጋሼ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለእኔ ጥፋት ከራሳቸው ምክንያት ፈለጉለት። ፋርማሲው ውስጥ ቆሞ «የለም» ካላቸው ሰው ይልቅ ነጥቧን አመኑ። እኔም ምክንያታቸውን ተቀበልኩ። ማታለል ደግ መሆኑን የምንለይበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ስሕተቱ ሲወጣ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል?

ከፊሉን እንደ ሙሉ

ሐናንያና ሰጲራን አስቡ (ሐዋ. 5፥1-11)። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ስላስቀሩ የተቀጡ ይመስለናል። ጴጥሮስ ግን መሬቱ ሳይሸጥ የእነርሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጃቸው እንደ ነበረ ነገራቸው። ከፊሉን ቢያመጡና «ከፊሉ ነው» ቢሉ ማንም አይነካቸውም ነበር። ጥፋቱ ከፊሉን እንደ ሙሉ ማቅረብ ነው።

ናሙና ሁልጊዜ ከፊል ነው። ያውም ቀላሉ ክፍል። የመድኃኒቱ አፕ ከባድ ሥራ ካርታው አልነበረም፤ በየፋርማሲው ያለ ሰው በየቀኑ ምን እንዳለውና ምን እንዳለቀበት እንዲያሳውቅ ማድረግ ነበር። ለምን ብሎ ይነግረናል? ሲረሳስ? ነገ ሲያልቅስ? ይህን ሁሉ ነጥቧ ሸፈነችው። እኛን ሳይቀር አታለለችን፤ ስክሪኑ ስላለቀ ሥራው ያለቀ መሰለን። በለሲቱ ከሩቅ ቅጠል ይታይባት ነበር (ማር. 11፥12-14)። ቅጠል ጥፋት አይደለም፤ የተራበ ሰው ግን በቅጠሏ ተስቦ ነበር የመጣው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዲዛይነር ባትሆኑም ይህ ይነካችኋል። በስልካችን ላይ ያለው የራሳችን ገጽ፣ በመድረክ ላይ የምንሰጠው ምስክርነት፣ ለሥራ የምናስገባው የሕይወት ታሪክ ናሙና ሊሆን ይችላል። ማሳመር አይከለከልም። ግን ባየው ነገር ተደግፎ የሚራመድ ሰው አለ። በኅብረታችን ውስጥ «እኔ ከዚህ ወጥቻለሁ» የሚል ምስክርነት ሰምቶ፣ «እኔስ ለምን አልቻልኩም?» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ወጣት አለ። መስካሪው ገና እየታገለ ከሆነና ይህን ካልተናገረ፣ ያ ወጣት የሌላውን ሸክም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሄድኩበት ቀን

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ አረንጓዴዋ ምን ነበረች?» አሉ።

«እኔ የቀባኋት ቀለም ናት፣ ጋሼ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ያለውን ልጅ ዋሸኸኝ ብዬ ተናግሬዋለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «የሚሠራ ቀን ጥሪኝ፤ እስከዚያ አታሳዪኝ» አሉኝ። ሊሰጡን ያሰቡትን ገንዘብም አልሰጡም። ልክ ናቸው።

ከሦስቱ ጥያቄዎቼ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ነጥቧን ስቀባ አልዋሸሁም። ሲጠይቁ ፈገግ ስል ዋሽቻለሁ። «ይሆናል ጋሼ» ስል ደግሞ ሁለተኛ ዋሸሁ፤ ያኛው ያለ ስክሪን፣ በገዛ አፌ ነው።

አሁን በምሠራው ናሙና ሁሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ይህ ናሙና ነው፤ ገና አልተሠራም» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። የሰውና የቦታ ስም አስመስዬ አልጽፍም። አንዳንድ ደንበኛ ያቺን ጽሑፍ አንሺልኝ ይለኛል፤ ባለፈው ወር በዚህ ምክንያት አንድ ሥራ ቀርቶብኛል። ሳሪስ ያለው ፋርማሲም ሄጃለሁ። ልጁ ጋሼን አላስታወሳቸውም፤ በየቀኑ ብዙ ሰው ይቆጣዋልና። እኔ ግን ይቅርታ ጠይቄው ወጣሁ።

ለውይይት

1. ጋሼ ምንም ባይጠይቁና ወደ ፋርማሲው ባይሄዱ ኖሮ፣ ዝምታው ውሸት ይሆን ነበር?

2. ለሌላ ሰው ጥቅም ብለን ያደረግነው ማታለል ሲገለጥ ሸክሙ በማን ላይ ያርፋል? ከሕይወታችሁ ምሳሌ አንሡ።

3. በእናንተ ሕይወት «ይህ ገና አልተሠራም» የሚል ጽሑፍ የሚያስፈልገው ገጽ የትኛው ነው?